የአቶ ድንበሩ ድምፅ

በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ ግብይት በሚካሄድባት አንዲት ከተማ አንዲት ጨው ሻጭ ነበረች። ሦስቱንም ቋንቋ አጥርታ ስለምታውቅ ሰዎች የጠረጠሩትን የስልክ ድምፅ እያመጡ የሰው ይሁን የማሽን ያስለዩዋታል፤ ተሳስታም አታውቅም።

አንድ ሰሞን የአስተዳዳሪው የአቶ ድንበሩ ድምፅ በየስልኩ ተሰራጨ። በሦስቱም ቋንቋ፣ «የውሃ ጉድጓዱ አይቆፈርም፤ ይቆፈራል ያልኳችሁ እንድትመርጡኝ ነው» ይላል። ከተማዋ ታመሰች። አቶ ድንበሩ ሕዝቡን ሰብስበው ሴትዮዋን አስጠሩ። አስቀድመው ግን በጆሮዋ፣ «ማሽን ነው ካላልሽ የገበያ መደብሽን እርሺው» ብለዋታል።

ቅጂውን ደጋግማ ሰማችው። ያ ሳል፣ አፋርኛው ላይ ያለው መኮላተፍ የራሳቸው ነበር። መደቡ የልጆቿ ጉሮሮ ነው፤ ውሃውን ደግሞ እሷም ስትጠብቅ ኖራለች።

«በይ ተናገሪ!» አሉ አቶ ድንበሩ ደረታቸውን ነፍተው። «የኔ ድምፅ ነው ወይስ የማሽን?»

«የማሽን ነው ጌታዬ» አለች።

አስተዳዳሪው ፈገግ ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እንዴት እንደለየሽው ንገሪያቸዋ!»

«ምኑ ያስቸግራል? እርስዎን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አዳምጬዎታለሁ፤ ከሦስቱ በአንዱም ቋንቋ እውነት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።»