ሸጋው፣ ማሩ እና የዱሩ ድምፅ

በድሮ ዘመን፣ መንገድ ሁሉ በእግር በሚኬድበት፣ ወሬ ሁሉ ከአፍ ወደ ጆሮ በሚሻገርበት ዘመን፣ ሦስት ጎረቤታሞች ነበሩ። ጠጋ በሉ ልጆች፣ ከኋላ ያላችሁም ይሰማችሁ።

አንደኛው ደምለው ነበር። ደምለው ጉልበቱ የበሬ፣ ልቡ የጥንቸል። ግንድ ብቻውን ይሸከማል፤ ቅጠል ኮሽ ሲል ግን ይበረግጋል።

ሁለተኛው ሸጋው ነበር። መልኩ እንደ ስሙ፣ ምላሱ እንደ ቅቤ፣ ሆዱ እንደ ቀዳዳ ስልቻ። ቢሞሉት አይሞላም።

ሦስተኛዋ እትዬ አንጓች ነበረች። ዓይኗ ደከም ያለ ነው፤ ጆሮዋ ግን የሰላ። አባቷ ከዱር ዳር በቆሎ ይዘራ ነበርና፣ በልጅነቷ ማማ ላይ ወጥታ አዝመራውን ከአውሬ ስትጠብቅ ነው ያደገችው።

አንድ ጊዜ የአንጓች የእህቷ ልጅ ልትዳር ሆነ። የሠርጉ ቤት ከትልቁ ዱር ማዶ ነው። ሦስቱ ጎረቤታሞች አንድ ሙክት በግ እየነዱ፣ አንድ አፈ ሰፊ ገንቦ ሙሉ ነጭ ማር ተሸክመው ተነሡ። ማሩ የሙሽራዋ ነው። ከእሷ በፊት ማንም እንዳይቀምሰው አንጓች የገንቦውን አፍ በቅጠል ሸፍና አሰረችው።

መንገድ ላይ ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው። ውሃው እስኪጎድል ቁጭ ብለው ዋሉ። ተሻግረው ዱሩ መሃል ሲደርሱ ፀሐይ ጥልቅ አለች።

«እዚሁ እንደር» አለች አንጓች። «በጨለማ መንገድ ከምንስት፣ እሳት አንድደን ብናነጋ ይሻላል።»

ከአንድ ዋርካ ሥር እሳት አነደዱ። በጉን አሰሩ። ስንቃቸውን በሉና ጋደም አሉ። ሸጋው ግን ዓይኑ ከገንቦው ላይ አልነሣ አለ።

ወዲያው ከጨለማው ውስጥ «ከሽ... ከሽ... ከሽከሽከሽ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ደምለው ዘሎ ተቀመጠ። «ሸጋው! ምንድን ነው?»

ሸጋው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዝም በል! የጋኔን ሠርግ ነው። ጸናጽል እየመቱ ሙሽራ ሊያመጡ ነው። የሰው ዓይን ካዩ ይዘው ይሄዳሉ። ተሸፋፈኑ!»

ደምለው ጋቢውን እስከ አናቱ ተከናነበ። ሸጋውም ቀስ ብሎ የገንቦውን አፍ ፈታ። ጣቱን ነከረ። ላሰ። ደግሞ ነከረ። ደግሞ ላሰ።

አንጓች አልተከናነበችም። ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ሰጠች። «ደምለው፣ ተነሥ ልጄ» አለች። «ጋኔን አይደለም፤ ጃርት ነው። ሲቆጣ እሾሁን ያንቀጠቅጣል፤ እሾሁ እርስ በርሱ ሲጋጭ ነው እንዲህ የሚለው። ችቦ ይዘህ እየው።»

ደምለው እየፈራ ችቦ ይዞ ሄደ። ከቁጥቋጦው ሥር አንድ ወፍራም ጃርት ጀርባውን አዙሮ ዱብ ዱብ እያለ ሲሸሽ አየ። ጥቁርና ነጭ እሾህ አንሥቶ እየሳቀ ተመለሰ።

«ሸጋው» አለች አንጓች፣ «አጠገባችን ደግሞ ላፍ ላፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ።»

«አይጥ ነው፣ እትዬ!»

«አይጥ ካልክ አይጥ ይሁን» አለች። በሰው ፊት ከማዋርደው ራሱ ቢተው ይሻላል ብላ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ከሸለቆው «ባው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ባው! ባው!»

«ሸጋው! ይህስ?» አለ ደምለው።

«ጉድ ፈላ! የሽፍቶች ውሻ ነው። ከኋላው አርባ ሽፍታ አለ። ፊታችሁን መሬት ላይ ድፉ፤ ትንፋሽ እንዳታሰሙ!»

ደምለው ፊቱን ደፋ። ሸጋው ጣቱን ነከረ። ላሰ። አሁንስ ጣት አልበቃው ብሎ በመዳፉ ዛቀ።

አንጓች አሁንም ጆሮዋን ሰጠች። «ውሻ አንዴ ከጀመረ አያባራም» አለች። «ይሄ አንድ ይልና ያደምጣል፤ አንድ ይልና ያደምጣል። ድኩላ ነው። ጠረናችን ደርሶት ደንግጧል።» እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ባው!» አለች። ከሸለቆው «ባው!» ብሎ መለሰላት።

«እኔም ልሞክር?» አለ ደምለው። «ባው!»

«ባው!» አለ ድኩላው።

ደምለው እንዴት እንደሳቀ ብታዩ! እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ያ ሁሉ ፍርሃት በሳቅ ወጣለት።

«አይጧ ግን ዛሬ ሆዷ ሰፍቷል» አለች አንጓችና ገንቦውን ስባ ተንተርሳው ተኛች። ሸጋው ከንፈሩን እየላሰ ቀረ።

እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድ ሦስተኛው ድምፅ መጣ። «ኽርር... ኽርር... ኽርር...» እንጨት በመጋዝ የሚቆርጥ ሰው ያለ ይመስላል።

አንጓች ብድግ አለች። «ነብር ነው!» አለች። «በጉ ሸትቶታል። እንጨት ጨምሩ! በጉን ወደ እሳቱ አምጡ! ማንም ከብርሃን እንዳይርቅ!»

ደምለው በጉን ጎትቶ አመጣ፤ የሚነድ ግንድም አንሥቶ ከፊቱ ቆመ። «አትፈራም?» አለችው አንጓች። «እፈራለሁ፣ እትዬ» አለ። «ግን ምን እንደሆነ ካወቅሁ እግሬ አይከዳኝም።»

ሸጋው ግን በልቡ ሳቀ። «በገዛ ተንኮሌ ልታስፈራራኝ! እኔ በጋኔንና በሽፍታ እንዳታለልኳቸው፣ እሷ ደግሞ በነብር መጣች። ቆይ፣ አሳያታለሁ!» አለ። ገንቦውን ብድግ አድርጎ ከዋርካው ጀርባ፣ ወደ ጨለማው ገባ። ጭንቅላቱን እስከ ጆሮው ገንቦው ውስጥ ነከረና መላስ ጀመረ።

ላሰ፣ ላሰ፣ ላሰ። ቀና ሲል ከፊቱ ሁለት አረንጓዴ ዓይኖች ያበራሉ።

ገንቦው ከእጁ ወደቀ። የቀረው ማር እላዩ ላይ ተደፋ። ሊሮጥ ሲል አዳለጠውና ደረቅ ቅጠል ላይ ተንከባለለ። ቅጠሉ ሁሉ ከማሩ ጋር ተጣበቀበት፤ ከእግር እስከ ራሱ ቅጠል ለበሰ። አፉ በማር ተሞልቷልና «ነብር!» ሊል ፈልጎ «እምብብብ-ዋእእእ! እምብብብ-ዋእእእ!» አለ።

ነብሩ በዕድሜው እንዲህ ያለ ፍጥረት አይቶ፣ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቶ አያውቅም። ጆሮውን ጥሎ፣ ጅራቱን ቆልፎ ወደ መጣበት ፈረጠጠ።

«እትዬ» አለ ደምለው፣ «ይህስ ምንድን ነው?»

አንጓች ጆሮዋን ሰጠች። ደግማ ሰጠች። ሦስተኛም ሰጠች። «ልጄ፣ ይሄን እንኳ አላውቀውም» አለች።

ያ ቅጠል የለበሰ ነገር እየተንገዳገደ ወደ ብርሃኑ ወጣ። ደምለው ግንዱን አነሣ። «አትምታኝ! ሸጋው ነኝ! ሸጋው!»

አንጓች ጠጋ ብላ አሸተተችው። «እውነትም አይጧ ናት» አለች። ከዚያ በኋላማ ማን ይተኛል? ሲስቁ ነጋ።

ረፋድ ላይ ሠርጉ ቤት ደረሱ። የሙሽራዋ እናት በጉን ተቀበለች፤ ገንቦውን ብታይ ባዶ ነው። «ማሩን ምን በላው?» አለች። ሸጋው ደምለውን አየ፤ አንጓችን አየ። «አይጥ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «እኔ ነኝ» አለ። አንድ ሳያስቀር ሁሉንም ተናገረ።

የሙሽራዋ እናት መቆጣት ፈልጋ ሳቋ አሸነፋት። ፍርዱ ግን አልቀረም፦ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቆይ፣ ሸጋው ሦስቱንም ቀን ውሃ ይቅዳ፣ እንጨት ይፍለጥ፤ ጠጅ የሚባል ነገር አይቅመስ። ሰው ሲጨፍር እሱ ቀዳ። ሰው ሲበላ እሱ ፈለጠ። ደምለው ነብር ፊት የቆመው ጀግና ተብሎ ተዘፈነለት። አንጓች ደግሞ ከሙሽሮቹ ጎን፣ ከፍ ካለው መደብ ላይ ተቀመጠች።

አያችሁ ልጆች? ስሙን ያላወቁት ድምፅ ያስፈራል፤ ጆሮ ሰጥተው ቢያደምጡት ግን ፍርሃቱ ይቀላል። ውሸት የለመደ ሰው ግን እውነቱን ቢነግሩትም ውሸት ይመስለዋል፤ ነብር ፊትም ብቻውን ይቆማል።

እኔ ያየሁትን ሳይሆን የሰማሁትን ነገርኳችሁ። እናንተም ለሌላው ንገሩ፤ ለእኔ ደግሞ ጉሮሮዬ ደርቋልና ውሃ አቀብሉኝ።