ጡሜና ከገመዱ ማዶ የቀረው እግር

ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ የሚያስተዛዝን ነገር ነው የምነግራችሁ። የድንበር ገመድ መሐሏን በከፈላት በአንዲት ከተማ ጡሜ የምትባል ሴት ነበረች። የጭነት መኪና አንድ እግሯን ወሰደባት፤ መታወቂያዋም በዚያው አደጋ ጠፋ። እናቷ ቦካዮ ከገመዱ ወዲህ ካለው ኮረብታ ጀርባ ታማ ተኝታለች። «ስትራመጂ ሳላይሽ አልሞትም» ብላ ነበር፤ አሁን ግን ትንፋሿ እያጠረ ነው። ጡሜ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እግር።

በከተማዋ እግር የሚሠራ ማኅበር አለ። ግማሹ ከገመዱ ወዲህ፣ ግማሹ ከገመዱ ወዲያ ነው። የወዲህኞቹ ቅልጥሙን ይሠራሉ፤ የወዲያኞቹ መሬት የሚነካውን መርገጫ ከአሮጌ ጎማ ይቀርጻሉ። ሦስት እግር ሲሸጡ አራተኛውን ለሌለው ይሰጣሉ። የጡሜ እግር አራተኛው ነበር።

ጡሜ በክራንች እያነከሰች ወዲህ ወዳለው ሠራተኛ ወደ ሐለኬ ሄደች። «ሐለኬ ወንድሜ፣ እግሬን ግጠምልኝ፤ እናቴ ልታመልጠኝ ነው።»

«ቅልጥሙ ይኸው፣ እህቴ። መርገጫው ከዋሪዮ ዘንድ ነው። ዋሪዮ ካልላከ አልገጥምም።»

ከማዶ ላለው ለዋሪዮ ደወለች። «መርገጫው ከተዘጋጀ ሰነበተ» አላት። «ግን ባለሞተሩ ጉዮ ካልጫነ አልልክም።» ዋሪዮ አልልክ አለ፣ ሐለኬ አልገጥም አለ፣ ጡሜም ሳትራመድ ቀረች።

ጉዮን ለመነችው። «እትዬ ጡሜ፣ ባለፈው ሞተሬን ይዘውብኛል። የኬላው ሹም ካላሳለፈ አልጭንም።» ጉዮ አልጭን አለ፣ ዋሪዮ አልልክ አለ፣ ሐለኬ አልገጥም አለ፣ ጡሜም ሳትራመድ ቀረች።

ሹሙ ወፍራም መዝገቡን አገላበጠ። «ጫማ ከሚለው አይገባ፣ መለዋወጫ ከሚለው አይገባ። የወዲያ ማዶዋ ሐኪም ካልፈረመች አላሳልፍም።» ሹሙ አላሳልፍ አለ፣ ጉዮ አልጭን አለ፣ ዋሪዮ አልልክ አለ፣ ሐለኬ አልገጥም አለ፣ ጡሜም ሳትራመድ ቀረች።

ሐኪሟ በስልክ መለሰች። «እህቴ፣ ልክ ያልሆነ እግር ያቆስላል፤ ቁስሉን የማየው እኔ ነኝ። ሐለኬ ገጥሞት በዓይኔ ካላየሁ አልፈርምም።» ዞሮ ዞሮ ከቤት ይሏችኋል ይኸ ነው! ሐለኬ ካልገጠመ ሐኪሟ አልፈርም አለች፣ ሹሙ አላሳልፍ አለ፣ ጉዮ አልጭን አለ፣ ዋሪዮ አልልክ አለ፣ ዋሪዮ ካልላከ ሐለኬ አልገጥም አለ፣ ጡሜም ሳትራመድ ቀረች። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

በማግስቱ መልእክት መጣ፤ «እናትሽ ውኃ መጠጣት ተወች»። ጡሜ አለቀሰች። ከዚያ ለሁሉም «ኬላው ጋ ኑ» ብላ ደወለችና ኬላው ሄዳ ገመዱ ሥር ተቀመጠች።

«እናቴ፣ መታወቂያ የለሽም፤ መሻገር አይቻልም!» አለ ሹሙ።

«እኔ መች ተሻገርኩ፣ ልጄ? መቀመጫዬ ያገሬ መሬት ላይ ነው። የሚሻገረው ጉልበቴ ነው፤ እሱ ደግሞ ድሮም መታወቂያ አልነበረውም።» የተቆረጠ እግሯን በገመዱ ሥር ዘረጋችው።

ሹሙ መዝገቡን ደግሞ አገላበጠ፤ ውስጡ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ሐለኬ ከወዲህ ተንበርክኮ ቅልጥሙን አሰረ፤ ዋሪዮ ከወዲያ ተንበርክኮ መርገጫውን አጠበቀ። ሐኪሟ ከወዲያ ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን በጣቷ ዳሰሰች። «ልክ ነው» አለች።

ዋሪዮ ላከ፣ ሐለኬ ገጠመ፣ ሐኪሟ ፈረመች፣ ሹሙ አሳለፈ፣ ጉዮ ጫነ። የጫነው ግን ጡሜን ራሷን ነበር፤ መንገዱ እስከሚያልቅበት እስከ ኮረብታው ሥር አደረሳት። ከዚያ ወዲያ በእግሯ ሄደች።

ቦካዮ ዓይኗን ገልጣ ነበር። ጡሜ ከበሩ እስከ አልጋው ተራመደች።

«ደግመሽ ነይ» አለች እናት።

ጡሜ ወደ በሩ ተመለሰች፤ ደግማ መጣች። እናት ፈገግ አለች። «አንዴ ብቻ ድገሚልኝ፣ ልጄ።»

ጡሜ በሩ ላይ ደርሳ ስትዞር የእናቷ ዓይኖች ተከድነዋል። አልቆመችም፤ እስከ አልጋው ድረስ ተራመደች።