ኖራ የተቀባው ድንጋይ

አንዲት የከብት ሐኪም ነበረች፤ ሞተር ትነዳ ነበር።

አክስቴ ጥያቄዬን ትታ ተረት ጀመረች አትበዪኝ፣ ትርንጎ። ያልሽኝን ሰምቻለሁ። «እህቴን ይቅርታ ልጠይቅ ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ከበፊቱ ብሶብን ተለያየን። ጥፋቴን አንድ ቀን እንኳ ረስቼው አላውቅም፤ ታዲያ ለምን እዚያው መልሼ እወድቃለሁ?» ነው ያልሽኝ። መልሱ ያለው ይህች ሴት ሞተር ላይ ነው። እንባሽን ጥረጊና ስሚኝ።

ሴትዮዋ የምትሠራው ቆላ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። የተማረችው ሁለት ዓመት ብቻ ቢሆንም አገሬው «ዶክተር» ይላታል። ከወረዳው የተሰጣት ቀይ ሞተር አለች። ያቺን ሞተር ስትወዳት! ጠዋት ረግጣ ስታስነሳት ዶሮዎቹ ይበተናሉ፤ ልጆቹ «ዶክተር! ዶክተር!» እያሉ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይከተሏታል። እሷም የመድኃኒት ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ፣ አቧራውን እንደ ነጠላ ከኋላዋ አንጠልጥላ ትበራለች። የታመመ በሬ አለ ከተባለ ባለቤቱ ተናግሮ ሳይጨርስ እሷ በረቱ ውስጥ ናት።

አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ አንድ ገበሬ መጣ። ወይፈኑ ታሞበታል። ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፤ ሞተር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ከኋላዋ ጫነችው።

«ቀስ በይ፣ ልጄ» አላት።

«አባባ፣ ይያዙኝ እንጂ! ዛሬ አሞራ ነው የማደርግዎት!»

ከከተማው ወጥቶ ወደ ድልድዩ የሚወርድ ቁልቁለት አለ። በቀኙ ገደል፣ በግራው የቁልቋል አጥር፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ራሱን ብቻ ከመሬት ያወጣ አንድ ድንጋይ። ስንት ጊዜ አልፋው ታውቃለች። የዚያን ቀን ግን ሽማግሌውን ልታስገርም ብላ ሞተሯን ለቀቀቻት። የፊት ጎማው ድንጋዩ ላይ ወጣና ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። እሷ ክንዷ ተላጠ። ገበሬው ከጉልበቱ በታች ተሰበረ።

ወጌሻ ተጠርቶ አጥንቱን ገጠመው። እግሩ ዳነ፤ ግን ትንሽ ጠምሞ ነው የዳነው። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ያለ ምርኩዝ አይሄድም።

ሐኪሟ ሞተሯን ከክሊኒኩ ጎን ወስዳ ሸራ አለበሰቻት። በእግሯ መሄድ ጀመረች። በሞተር ግማሽ ሰዓት የነበረው መንገድ ግማሽ ቀን ሆነ። አንድ ቀን የአንድ ሰው የእርሻ በሬ ሆዱ ተነፍቶ ተጠራች፤ እየሮጠች ሄደች፤ ስትደርስ በሬው እግሩን ዘርግቷል። ባለቤቱ ክፉ ቃል አልተናገራትም። ከበሬው አንገት ገመዱን ፈትቶ፣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቤቱ ገባ። እሷ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ነገ እነዳለሁ» አለች።

በመጀመሪያ ድንጋዩን አውጡልኝ ብላ ጎረምሶቹን ለመነች። ዲጅኖ ይዘው መጡ። በቆፈሩ ቁጥር ድንጋዩ እየሰፋ ሄደ። እኩለ ቀን ሲሆን አንዱ ላቡን ጠርጎ፣ «ዶክተር፣ ይሄ ተራራ ነው እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ የምናየው አናቱን ነው» አላት። የቆፈሩትን መልሰው ሞሉት።

እሷም አሰበችና ሌላ መላ አመጣች። የክሊኒኩ ግድግዳ ሲቀባ የተረፈ ግማሽ ባልዲ ኖራ ነበራት። ወሰደችና ድንጋዩን ነጭ አድርጋ ቀባችው። «ከእንግዲህ ከሩቁ አየዋለሁ፤ ሳላየው አልወድቅም» አለች። ሰው ሁሉ አደነቀ። «የተማረ ሰው እኮ ነው!» ተባለ።

በማግስቱ ሸራውን ገለጠች፤ ሞተሯን አስነሳች፤ ቀስ ብላ ቁልቁለቱን ወረደች። ድንጋዩ ከሩቅ እንደ ጥርስ ነጭ ሆኖ ይታያል። ዓይኗን ከሱ ላይ ሳታነሳ፣ «እንዳልነካው፣ እንዳልነካው» እያለች ሄደች፤ ቀጥ ብላ ድንጋዩ ላይ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ደገመችው። አሁንም ድንጋዩ ላይ።

ይገርምሻል፣ እሷ ብቻ አይደለችም። ዳቦ አመላላሹ በዚያ መንገድ አራት ዓመት በብስክሌት ሲመላለስ አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም ነበር፤ ድንጋዩ ከተቀባ በኋላ ዳቦውን ሁሉ ቁልቋሉ ውስጥ በተነው። አንድ ባጃጅም ወጣበት። ሰዉ ማንሾካሾክ ጀመረ። «ድንጋዩ ይጣራል» አሉ። ጸበል ተረጨበት፤ ጸበሉን ያመጣው ሰው ራሱ በብስክሌቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ እዚያው ላይ ወጣ።

ሐኪሟ ሞተሯን እየገፋች መካኒኩ ዘንድ ወሰደቻት። ፈታት፣ ገጠማት፣ ነድቷት መጣ።

«ሞተሯ ምንም የላትም» አላት እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «መሪዋ ቀጥ ያለ ነው። ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጊ፣ ዶክተር።»

መልሳ ሸራ አለበሰቻት። «እኔ የተፈረደብኝ ሰው ነኝ» አለች በልቧ። «ከእንግዲህ ሞተር አልነካም።»

መጋቢት ሲገባ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ያ ገበሬ በምርኩዙ እየተደገፈ ከክሊኒኩ በር ቆመ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። እስከ ገበያው በሰው ጋሪ፣ ከዚያ ወዲህ በእግሩ ነው የመጣው።

«ላሜ ምጥ ይዟታል» አለ። «የጥጃው አንድ እግር ብቻ ወጥቶ ቀረ። ከንጋት ጀምሮ ታምጣለች። የልጅ ልጆቼ የሚጠጡት የእሷን ወተት ነው።»

ሐኪሟ ቦርሳዋን አነሳች። «አባባ፣ እርስዎ እዚህ ይረፉ፤ እኔ በእግሬ ልሩጥ» አለችው።

«በእግርሽ? ስትደርሺ ቆዳዋን ነው ገፈን የምንጠብቅሽ።» ምርኩዙን ወደ ሸራው ቀሰረ። «ያቺ ምንድናት?»

«አልችልም፣ አባባ! እግርዎን የሰበርኩት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ» አላት ገበሬው። «እዚያው ነበርኩ።»

አንገቷን ደፋች። እሱ ግን አልተዋትም።

«ቀና በይ! ስድስት ወር ሙሉ፣ ገበያ ላይ ባገኘሽኝ ቁጥር፣ ቤተ ክርስቲያን ባገኘሽኝ ቁጥር፣ እግሬን እያየሽ ይቅርታ ትዪኛለሽ። ይቅር ብያለሁ ስልሽ እግሬን ታያለሽ። ከእግሬ በላይ ሌላ ሰውነት ያለኝ አይመስልሽም? ፊቴን አይተሽው ታውቂያለሽ? ሁለት ጥርስ መንቀሌን ታውቂያለሽ?»

አፉን በሰፊው ከፍቶ አሳያት። እውነትም ሁለት ጥርስ የለም። ሳታስበው ሳቀች። ሳቅና እንባ ተደባለቀባት።

ገበሬው ሸራውን ራሱ ገፈፈው። ምርኩዙን ከሞተሯ ጎን በገመድ አሰረ፤ የጠመመ እግሩን በእጁ አንስቶ አሻገረና ከኋላ ተቀመጠ።

«ንጂ» አለ።

አንዴ ረገጠች፤ አልነሳ አለች። ሁለቴ ረገጠች። በሦስተኛው ሞተሯ አገሳች! ዶሮዎቹ ተበተኑ። ልጆቹ ከየጓሮው ፈልቀው «ዶክተር ነዳች! ዶክተር ነዳች!» እያሉ ሮጡ። ወፍጮ ቤቱን አለፉ፤ የመጨረሻውን ቤት አለፉ። ቁልቁለቱ ተጀመረ። ድንጋዩም ታየ።

ከኖራው ሌላ ምንም አልታያትም። መንገዱ ጠፋ፤ ቁልቋሉ ጠፋ፤ በዓለም ላይ ያለው ያ ነጭ ነገር ብቻ ሆነ። እጇ መሪውን አንቆ ይዟል። «እንዳልነካው፣ እንዳልነካው» ትላለች። ሞተሯም በቀጭን ገመድ እንደሚሳብ ወደዚያው ዘመመች።

ገበሬው ከኋላ ሆኖ ሄልሜቷን ያይ ነበር። ሄልሜቷ ወደ ድንጋዩ ዞሮ ደርቋል። እሱ ሞተር አያውቅም፤ እርሻ ግን ያውቃል። በአንድ እጁ ወገቧን እንደያዘ ሌላውን ከአገጯ ሥር አስገባና ጭንቅላቷን ወደ ላይ ቀና አደረገው።

«ማረሻውን አትይ!» ብሎ ጮኸ። «የእርሻውን ዳር እይ! ቤቴ ያውና! ቤቴን እይ!»

አየች። ከወንዙ ማዶ አዲስ የቆርቆሮ ክዳን ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። ግቢው ውስጥ ሰዎች ቆመዋል፤ አንዲት ሴት የራስ ሻሿን ፈትታ ታውለበልባለች። ኑ፣ ቶሎ ኑ ትላለች። ሐኪሟ ያቺን ሻሽ አየች። ሌላ ምንም አላየችም። እጇ ላላ። ሞተሯ ቀና። ነፋሱ ሄልሜቷ ውስጥ አፏጨ፤ የድልድዩ ሳንቃ ከጎማዋ ሥር ተንኳኳ።

«አለፍነው!» አለ ገበሬው።

«ምኑን?» አለች።

ሽማግሌው ከኋላዋ ሆኖ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። አቀበቱን ሲወጡ በነፋሱ መሐል እየጮኸ ነገራት። «አርባ ዓመት አርሻለሁ! ማረሻውን እያየ የሚያርስ ሰው ትልሙ ይጣመምበታል! ሞፈሩም፣ በሬዎቹም ዓይንህ ወዳለበት ነው የሚሄዱት! ይቺ በሬሽም ያው ናት!»

ላሟ በሕይወት እያለች ደረሱላት። ሐኪሟ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች፤ የታጠፈውን እግር ፈልጋ አቃናችው፤ ከላሟ ምጥ ጋር እኩል ሳበች። ጥጃው እርጥብ እንደሆነ ጭዱ ላይ ዱብ አለና አስነጠሰ። ግቢው በእልልታ ተናጋ። የልጅ ልጆቹ ጥጃውን ትተው የሐኪሟን አንገት አቀፉ።

ስትመለስ ብቻዋን ነበረች። ከብት የሚጠብቁትን ሰዎች እጇን እያወዛወዘች ሰላም አለች፤ እየዘፈነችም ነበር ይባላል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ድንጋዩ ትዝ አላት። ማለፏን እንኳ አላወቀችም። ቆመችና ዞራ ሄዳ አየችው። እዚያው ነው፤ ኖራውን ለብሶ ቁጭ ብሏል። ላዩ ላይ ተቀምጣ ሳቀች።

በማግስቱ ከባልዲው የተረፈውን ኖራ ይዛ ድልድዩን ተሻገረች። ማዶ፣ መንገዱ ዳር፣ ከቁልቁለቱ አናት ቀጥ ብሎ የሚታይ አንድ የማንጎ ዛፍ አለ። ግንዱን እስከ ወገቧ ድረስ ነጭ አድርጋ ቀባችው። በክረምቱ የድንጋዩን ኖራ ዝናብ አጠበው። የዛፉን ግን በየዓመቱ ትቀባዋለች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቁልቁለት ሰው አልወደቀም። ዳቦ አመላላሹ «ጸበሉ ሠራ» ይላል፤ ይበል።

እንግዲህ፣ ትርንጎ፣ አንቺም ድንጋይሽን ኖራ ቀብተሽዋል።

እህትሽን በንዴት «አንቺ መሀን ስለ ልጅ ምን ታውቂያለሽ» አልሻት። ክፉ ቃል ነው። እኔም ስሰማው ደንግጫለሁ፤ አላቀለውም። ሥር አለው፤ በዲጅኖ አይወጣም። የገበሬው እግርም እስከ ዛሬ ያነክሳል። ይቅርታ መጠየቅሽም ደግ ነው፤ ግን ጠይቀሻል፤ እሷም ሰምታሻለች። ከዚያ በኋላ ምን አደረግሽ? እንዳትረሺው ብለሽ ነጭ ቀባሽው፤ ሌሊትና ቀን አየሽው፤ በሯን ባንኳኳሽ ቁጥር ደግሞ ከሰላምታው አስቀድመሽ «ያኔ መሀን ያልኩሽ ጊዜ» ብለሽ ጀመርሽ። ሦስት ጊዜ ሄደሽ ሦስት ጊዜ መሀን አልሻት። እሷ ምን ታድርግ? አንቺ የሄድሽው ወደ ቃሉ ነው እንጂ ወደ እህትሽ አልነበረም። ጠንቀቅ ያልሽ መስሎሽ ነው፤ ገባኝ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ስንት ድንጋይ ቀብቼ፣ ስንቴ ላዩ ላይ እንደወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አገጬን ይዞ ቀና የሚያደርገኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ዛሬ የምናፍቃቸው ሁለት ሰዎች ቤቴ ይመጡ ነበር።

እስቲ ልጠይቅሽ። ባለፈው እሑድ ስትሄጂ እህትሽ ምን ለብሳ ነበር?

አየሽ፤ አታውቂውም። ከስታ እንደሆን፣ ፀጉሯን ተሠርታ እንደሆን፣ በረንዳዋ ላይ የተከለችው ጽጌረዳ አብቦ እንደሆን አታውቂም።

በይ ተነሺ፤ ገና ቀን ነው። ልብሽ ቢመታም ይምታ፤ የሐኪሟም ይመታ ነበር። በሩን ስትከፍትልሽ ቀና ብለሽ ፊቷን እዪው። ስትመለሺም ምን እንዳልሻት አትንገሪኝ፤ ምን እንደለበሰች ንገሪኝ።