የታሸገ ጣሳ

ቀኛዝማች አስረስ የማያውቁት ነገር አልነበረም፤ እሳቸው እንደሚሉት ማለት ነው። አንድ ቀን አትክልተኛቸው በጣሳ ያፈላችውን የብርቱካን ችግኝ ስታጠጣ፣ ውሃው ከጣሳዎቹ ሥር ሲንጠባጠብ አዩና በገኑ።

«ማነው ጣሳዬን የበሳው? ውሃዬን መሬት እንዲጠጣው ነው? በይ አሁኑኑ ድፈኚው!»

«ጌታዬ፣ ውሃው መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳል» ብትል ማን ሰምቷት! ቀዳዳውን ሁሉ በሰም ደፈነችው።

ወር ሳይሞላ ችግኙ ቢጫ ሆኖ ረገፈ። ቀኛዝማች ከእንግዶቻቸው ጋር ጠጅ እየጠጡ አስጠሯት።

«ችግኜን ፈጀሽው! የምትይው ካለሽ በይ፤ ከሌለሽ ከነልጆችሽ ከርስቴ ትነቀያለሽ!»

ሴትዮዋ በሩ ሥር እንደቆመች እጅ ነሣች። «ይጠጡ ጌታዬ፣ መልሴ ይደርሳል።»

ቀኛዝማች ስቀው ጠጡ። ብርሌው ሲሞላ ሲጎድል፣ ሲሞላ ሲጎድል፣ እሷ ዓይኗን ከጉልበታቸው ላይ አልነቀለችም። ስምንተኛው ላይ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዘጠነኛው ላይ ብድግ ብለው ወደ በሩ ሲሮጡ፣ በሩን ዘግታ በጀርባዋ ተደገፈችው።

«ዞር በይ! ደጅ ልወጣ ነው!»

«ምነው ጌታዬ» አለች ረጋ ብላ፣ «ይህን የመሰለ ጠጅ መሬት እንዲጠጣው ነው?»

እንግዶቹ በሳቅ ተንከተከቱ። ቀኛዝማች እግራቸውን አጣምረው ጮኹ፦

«ብሺው! ጣሳውን ሁሉ ብሺው! ብቻ በሩን ክፈቺልኝ!»