የኦይቻ ጀልባ ውታፍ

በጫሞ ሐይቅ ዳር አንዲት ጀልባ ነበረች፤ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ርዝመቷ ስድስት ሜትር። ባለቤቷ ኦይቻ ክረምቱን ሙሉ ሲያድሳት ከርሟል፤ ስንጥቋን ደፍኗል፣ ቀለም ቀብቷታል፣ ሞተሯን አስሯል። የቀረው አንድ ነገር ነው። በሆዷ ያለው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ የጎማ ውታፉ የለም። የአሳ አስጋሪዎቹ ማኅበር ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ሦስት ወር ውሃ ያልገባ ጀልባ የመቆሚያ ቦታውን ያጣል። ሦስት ወሩ የሚያልቀው ዛሬ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

የዚያ ወደብ ሰው የጎደለውን አይገዛም፤ ከጎረቤት ዕቃ ላይ ይነቅላል። ስለዚህ ኦይቻ ውታፉ የት እንዳለ ያውቃል። አሳ ነጋዴዋ እትዬ አስናቀች "ለአንድ ቀን" ብለው ወስደው የበረዶ ሣጥናቸውን ቀዳዳ ደፍነውበታል።

"እትዬ፣ ውታፌን።"

"በቀዳዳው ሙቀት ይግባና በረዶዬ ይቅለጥ? የሣጥኔን ቡሽ ቱንሲሳ ወስዶታል። እሱን አምጣና ውታፍህን ውሰድ።"

እትዬ አስናቀች ያለ ቡሽ ውታፉን አልሰጥም አሉ፤ ጀልባዋ ያለ ውታፍ አልንሳፈፍም አለች፤ ሰዓቱም ይሄዳል።

መካኒኩ ጋሽ ቱንሲሳ ቡሹን በቤንዚን ጀሪካናቸው አፍ ላይ ወትፈውታል።

"ምን ያስሮጥሃል፣ ሰርግህ ነው እንዴ? ቡሹን ብሰጥህ ቤንዚኔ ተንኖ ያልቃል። የጀሪካኑን ክዳን ዛራ ወስዶታል። ሂድና አስመልስልኝ።"

ጋሽ ቱንሲሳ ያለ ክዳን ቡሹን አልሰጥም አሉ፤ እትዬ አስናቀች ያለ ቡሽ ውታፉን አልሰጥም አሉ፤ ጀልባዋ ያለ ውታፍ አልንሳፈፍም አለች፤ ሰዓቱም ይሄዳል።

መረብ ጠጋኙ ዛራ ክዳኑን በመዳፉ ይዞ ወፍራሙን መርፌ ይገፋበታል።

"መዳፌ ይበሳ ወይ ወንድሜ? የመግፊያ ቆዳዬ ከጠፋ ሁለት ወሩ። ቆዳዬን ያመጣ ክዳኑን ይውሰድ።"

ዛራ ያለ ቆዳ ክዳኑን አልሰጥም አለ፤ ጋሽ ቱንሲሳ ያለ ክዳን ቡሹን አልሰጥም አሉ፤ እትዬ አስናቀች ያለ ቡሽ ውታፉን አልሰጥም አሉ፤ ጀልባዋ ያለ ውታፍ አልንሳፈፍም አለች፤ ሰዓቱም ይሄዳል።

"ቆዳው ምን ይመስላል?" አለ ኦይቻ።

"ጥቁር ነው። ዳሩ በቀይ ክር የተሰፋ።"

ኦይቻ ቆዳውን አወቀው። ያን ቆዳ ከመረብ ክምር ላይ "ለአንድ ቀን" ያነሳው፣ ሞተሩ እንዳይንቀጠቀጥም ከሥሩ የሸጎጠው እሱ ራሱ ነው።

ሮጦ ሄዶ ነቀለው። ቆዳው ለዛራ ደረሰ፤ ዛራ ክዳኑን ለቀቀ፤ ክዳኑ ጀሪካኑን ከደነ፤ ጋሽ ቱንሲሳ ቡሹን ለቀቁ፤ ቡሹ ሣጥኑን ደፈነ፤ እትዬ አስናቀች ውታፉን ለቀቁ፤ ውታፉ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ገባ። ጋሽ ቱንሲሳም የብሎን መፍቻቸውን ይዘው መጡ። "ሞተር በብሎን እንጂ በቆዳ ይያዛል?" እያሉ አጠበቁለት።

አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ጀልባዋ ተንሳፈፈች። የማኅበሩ ጸሐፊ ሰዓቱን አይቶ መዘገበ። ኦይቻ እጁን ወደ ሆዷ ሰዶ ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ውታፉን በሲባጎ ከጀልባዋ ጋር ሦስት ጊዜ ቋጥሮ አሰረው።

ወዲያው ከጎን ካለችው ጀልባ አንዱ ተጣራ። "ኦይቻ! ውታፍህን ለአንድ ቀን ታውሰኛለህ?"

"አውስሃለሁ፤ ከነጀልባዋ ውሰደው" አለና ሞተሩን አስነሳ።