ወለላን ያወፈራት

በአንድ ወቅት፣ ሰው ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ «ወፈርሽ፤ አማረብሽ!» በሚባባልባት አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ፣ ወለላ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷን አታውቃትም፤ እሷን ስትወልድ ነው የሞተችው። አባቷ ደምሴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ክረምት ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለውና እሱም በዚያው ቀረ። ደምሴ ሦስት ታናናሾች ነበሩት፤ አያልነሽ፣ ልዑልሰገድና ትርንጎ። ልጅቷን ማን ያሳድግ የሚለው ክርክር የእነዚህ የሦስቱ ነው፤ መከራዋን ያየችው ግን ወለላ ናት።

ለቅሶው ሳያበቃ ልጅቷን እጇን ይዛ ወደ ቤቷ የወሰደቻት አያልነሽ ናት። ሌሎቹ «እስቲ ይታሰብበት» ሲሉ እሷ አላሰበችም። የራሷ ልጅ የላትም፤ ከባሏ ከቸርነት ጋር ዳቦ ቤት አላቸው። ቸርነት ክፉ ሰው ነበር ማለት ይከብዳል፤ ወለላን በእጁ ነክቷት አያውቅም። ግን ይጮኻል። ሊጡ አልነሣ ሲለው ይጮኻል፤ እንጨቱ እርጥብ ሲሆንበት ይጮኻል፤ የሚጮኽበት ሲያጣ ደግሞ አያልነሽ አለችለት። አንዳንዴ የዳቦ መጋገሪያውን ቆርቆሮ አንሥቶ ከግድግዳ ጋር ያላትመዋል።

ወለላ ጩኸቱን ገና ሳይጀመር ታውቀው ነበር። ቸርነት ወደ ቤት ሲመጣ ከአረማመዱ ትለየዋለች። ያኔ ሆዷ ኩምትር ይላል፤ እጇ ይቀዘቅዛል፤ የልቧ ምት ጆሮዋ ድረስ ይሰማታል። እሱ ዝም ባለበት ቀንም ትጠብቀዋለች፤ መጠበቁ ደግሞ ከጩኸቱ ይብስ ነበር።

አያልነሽ ለዚህ አንድ መድኃኒት ነበራት፤ ጉርሻ። ባሏ ጮኾ ሲወጣ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ትኩሱን ዳቦ ማር ቀብታ፣ «እንቺ የኔ ወለላ፤ አፍሽን ክፈቺ» ትላታለች። አፍ ሲሞላ አይለቀስም። ወለላም ለመደችው። እየቆየ ሲሄድ አክስቷ አጠገቧ ባትኖርም፣ ቸርነት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እጇ ወደ ዳቦው መደርደሪያ ይሄድ ጀመር። ርቧት አልነበረም።

ልጅቷም ወፈረች። ፊቷ ክብ ሆነ፤ ሆዷ ከዩኒፎርሟ ገፍቶ ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ «አይ አያልነሽ! የሙት ልጅ እንዲህ ይያዛል እንጂ!» እያለ መረቃት። ያቺ ከተማ የከሳ የሙት ልጅ ካየች አሳዳጊውን ታማለች፤ የወፈረ ካየች ትመርቃለች፤ ከዚያ አልፋ መጠየቅ አታውቅም። አያልነሽም ምርቃቱን አምና ጉርሻውን ጨመረች።

«ይሄ የሚያስመርቅ አይደለም፤ በሽታ ነው» ያለው የመጀመሪያው ሰው ልዑልሰገድ ነው። ይህን ማንም አይክደውም። ወለላ በምትማርበት ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ነበር። ያለው ግን እንዴት ነው? በሰልፍ ላይ፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺ ወለላ! ሳትፈነጂ ነይ ውጪና ሩጪ!» ብሎ። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ፊሽካውን እየነፋ ሜዳውን ያዞራት ገባ። የምሳ ዕቃዋንም ከፍቶ ግማሹን ያነሣባታል። ለእሷ ብሎ ነው፤ ወለላም ለእሷ ብሎ እንደሆነ ታውቃለች። ግን ፊሽካው ከቸርነት አረማመድ ጋር አንድ ሆነባት። ስትሰማው ሆዷ ያው ኩምትር ይላል። እየሮጠችም ወፈረች።

ልዑልሰገድ ግራ ገባው። ኩሩ ነው፤ ቢሆንም ግራ ሲገባው መጠየቅ አያፍርም። ትልቁ ከተማ ድረስ ይዟት ሄዶ ሐኪም ፊት አስቀመጣት። ሐኪሟ ደሟን አስመረመረች። ቀጥላም እሱን ደጅ አስወጥታ ወለላን ብቻዋን አናገረቻት።

«እቤት ውስጥ የምትፈሪው ነገር አለ?»

«ድምፅ» አለች ወለላ፤ የቸርነትን ጩኸትና የአጎቷን ፊሽካም ነገረቻት።

ሐኪሟ ልዑልሰገድን አስገብታ እንዲህ አለችው፦ «ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ አንድ ሆርሞን ይረጫል። ለመሸሽም፣ ለመትረፍም ይጠቅማል። ድንጋጤው ሲያልፍ እሱም ይወርዳል። የእሷ ድንጋጤ ግን አያልፍም። እንዲህ ሲሆን ሰውነት ጣፋጭ አምጡልኝ፣ ቅባት አምጡልኝ ይላል፤ የበላውንም ክፉ ቀን እንደመጣበት ሁሉ ሆድ ላይ ያከማቻል።»

«ታዲያ ሩጫውን ልጨምርላት?»

«ፊሽካውን ይጣሉት» አለችው። «ሁሉንም በድንጋጤ አላሳብብም፤ ዳቦውም አለበት። ግን ከሁሉ በፊት ጸጥ ያለ ቤት ይፈልጉላት።»

ልዑልሰገድ ይህንኑ ለእህቶቹ ነገራቸው። አያልነሽ ደረቷን ደቃች። «የኔው ጉርሻ ነው እንዴ?» አለች። ወዲያው ደግሞ «ባሌን እነግረዋለሁ፤ ይለወጣል» አለች። ልዑልሰገድ «ሽማግሌ እንላክበት» አለ። ትንሿ እህት ትርንጎ ምክሩ ሳያልቅ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ትርንጎ የምትኖረው በሚቀጥለው ከተማ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። በማግስቱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻትና ወለላን ሚኒባስ አሳፍራ ወሰደቻት። ለማንም አልተናገረችም። አያልነሽ በየጉድባውና በየወንዙ ዳር «ወለላ! ወለላ!» ስትል ዋለች፤ በመጨረሻ ደክሟት ወደቀች፤ ሰው ነው ያነሣት። ትርንጎ «እኔ ዘንድ ናት፤ አትፈልጓት» ብላ የላከችው ሁሉም ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው።

በትርንጎ ቤት ከስፌት መኪናው ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። መጀመሪያ መጀመሪያ ወለላ መኪናው ሲቆም ትደነግጥ ነበር፤ አሁን ጩኸት ይመጣል ብላ። አልመጣም። እያደረ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ዳቦ ተርፎ ማደር ጀመረ። ሆዷ እየሟሸሸ ሄደ፤ ቀሚሷን ትርንጎ ራሷ አጠበበችላት።

ቢሆንም ታለቅስ ነበር። «እቴቴጋ ውሰጂኝ» ትላለች፤ አያልነሽን እቴቴ ነው የምትላት። ትርንጎ ልቅሶው መረራት። አንድ ቀን ዓይኗን ከምትሰፋው ሳታነሣ፣ «እቴቴ ራሷ ናት ውሰጂልኝ ያለችኝ። ሰልችተሻታል» አለቻት።

ወለላ ከዚያ ወዲያ አላለቀሰችም። ትርንጎም ልጅቷ ለመደችኝ ብላ ደስ አላት። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አንጀት የሚቆርጠው ይህ ነው።

አያልነሽ ደግሞ ከወደቀችበት በተነሣች ሰሞን ባሏን «ጩኸትህን ይዘህ ውጣልኝ» አለችው። የስንት ዓመት ባሏ ነው። ቸርነት ወጣ፤ ዱቄቱንም ሠራተኞቹንም ይዞ ሌላ ሰፈር ዳቦ ቤት ከፈተ። ለእሷ የቀረላት የቀዘቀዘ ምድጃ ነው። «እንግዲህ ቤቴ ጸጥ ብሏል፤ ልጄን መልሱልኝ» ብላ ሽማግሌ ፊት ቀረበች። ልዑልሰገድም ትርንጎም «ልጅቷ ለእኔ ትገባለች» የሚል የየራሳቸውን አቤቱታ ይዘው መጡ።

የተሰበሰቡት የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ወርቅነህ ቤት ነው። «ልጅ ይህን አይስማ» ተብሎ ወለላ ጓዳ እንድትቀመጥ ተደረገ። ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው ግን ስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ነው። ሁሉንም ሰማች።

«ማንም ሳያነሣት ያነሣኋት እኔ ነኝ» አለች አያልነሽ። «ባሌን አስወጥቻለሁ። ሌላ ምን ላውጣ?»

«እኔ ባላይ ኖሮ እስከ ዛሬ ስትመርቋት ትኖሩ ነበር» አለ ልዑልሰገድ። «ሐኪም ፊት ያደረስኳት እኔ። ፊሽካውንም ጥያለሁ።»

«እናንተ ስትመክሩ እኔ አወጣኋት» አለች ትርንጎ። «ምስክር አልቆጥርም፤ ሰውነቷን እዩት።»

«ሰረቅሽኝ እንጂ መቼ አወጣሻት!» አለች አያልነሽ። «ወንዝ ለወንዝ አልነበረም እንዴ የፈለግኋት? ሬሳዋን እንኳ ባገኝ ብዬ!»

ወለላ ኮምፔንሳቶውን ተደግፋ ቆመች። እቴቴን ሰልችቻታለሁ ብላ አምና ነበር እኮ! ያ የምትወደው ጸጥ ያለ ቤት በውሸት የቆመ መሆኑ ያን ጊዜ ገባት። ማንን እንደምትጠላ ግን አላወቀችም። የትርንጎን ቤት እንቅልፍ አሰበች፤ የእቴቴን እጅ አሰበች። ትርንጎን ብትጠላ ያ እንቅልፍ የት ይገኛል?

አቶ ወርቅነህ አስጠሯት። «ልጄ፣ አትፍሪ። ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?»

ሦስቱም ፈገግ ብለው አዩዋት። አንዱን ብትጠራ የሁለቱ ፈገግታ ይጠፋል።

«ጸጥ ያለበት» አለች።

«የኔ ቤት ነዋ!» አለች አያልነሽ። «ጸጥ ያለውማ የኔ ነው!» አለች ትርንጎ ብድግ ብላ። «ፊሽካውን ጥያለሁ አላልኩም?» ብሎ ልዑልሰገድ ጠረጴዛውን መታ። ሽማግሌዎቹም ገሚሶቹ ወዲህ፣ ገሚሶቹ ወዲያ ሆነው ተጯጯኹ። እያንዳንዱ የጸጥታው ባለቤት እኔ ነኝ ባይ ነው። ወለላ ተመልሳ ጓዳ ስትገባ ልብ ያላት የለም። እንግዶቹ ያመጡት ዳቦ በጨርቅ ተሸፍኖ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። እጇን ሰደደች።

እንግዲህ ሰሚዎች ሆይ፣ እነሱ አልቻሉምና እናንተ ፍረዱ። ወለላን ማሳደግ የሚገባው ማን ነው? ማንም ሳያነሣት ያነሣቻት፣ ባሏን እንኳ ያስወጣችላት አያልነሽ? ሁሉ ሲመርቅ በሽታዋን ያየላት ልዑልሰገድ? ወይስ ሁሉ ሲመክር ያወጣቻት፣ ዋሽታም ቢሆን ያስተኛቻት ትርንጎ?

ተከራከሩ። ብቻ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ልጅቷ ጓዳ ናት፤ ግድግዳውም ኮምፔንሳቶ ነው።