ሙሉልኝ ሜዳ

ከትልቁ ዋርካ በታች ያለውን ሜዳ የአገሩ ሰው «ሙሉልኝ» ይለዋል። እንግዳ ሰው እዚያ ለቅሶ ሲደርስ ግራ ይገባዋል፤ ሙሾ የምታወርደው ሴት ግጥሟን አሳምራ አምጥታ አምጥታ የመጨረሻዋን ቃል ትተዋታለች፣ ያቺን ቃል ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ይሞላላታል። ረስታ እንዳይመስላችሁ! ወጉ ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ድሮ ለቅሶም ለዛ በነበረው ጊዜ፣ አንጓች የምትባል ስመ ጥር አስለቃሽ ነበረች። «ሞተ» የምትለዋን ቃል በግጥሟ አስገብታ አታውቅም ይባላል፤ ገበሬው ሲያልፍ «ሞፈሩ ተሰቀለ»፣ አባወራው ሲያልፍ «ምሰሶው ወደቀ» ትላለች እንጂ። ቤት ስትመታ አገር ይንሰቀሰቅ ነበር። በግጥም ግን ቀልድ አታውቅም። ብርቄ የምትባል ልጃገረድ ለእናቷ ሙሾ ጀምራ፣ እንባ አንቋት ቤት ሳትመታ ብትቀር፣ አንጓች በሰው ፊት «ተይ ልጄ፣ ተቀመጪ! ጎዶሎ ሙሾ ለሬሳ ነውር ነው» አለቻት። በዚያ ዘመን ሙሾው ሳይሞላ ሬሳ አይነሳም ነበርና የተቃወማት የለም፤ ብርቄ ግን ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ላይ አፏን ከፍታ አታውቅም።

እንደሚነገረው፣ አንድ ቀን የአንጓች ባል አያልነህ ቀፎ ሊሰቅል ዋርካው ላይ ወጥቶ ወደቀ፤ በዚያው አረፈ። ሬሳው ሜዳው ላይ ሲያርፍ ሰዉ ሁሉ ጆሮውን አቆመ፤ ለባዳው እንዲያ ያለች ለገዛ ባሏ ምን ልትል ነው! አንጓች ምሳሌ ፈለገች። አንበሳ እንዳትለው፣ አያልነህ ከጥጃ ጋር የሚያወራ ገር ሰው ነበር። ምሰሶ እንዳትለው፣ የቤታቸው ጣሪያ እንኳ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስ ነበር። እሱ የሚመስለው እሱን ብቻ ሆነባት። ቢቸግራት የሆነውን እንደሆነ ጀመረችው፦

«ቀፎ ሊሰቅልልኝ ከዋርካው ላይ ወጥቶ፣
ንቡ ተመለሰ፣ እሱ ቀረ…»

ቆመች። ቃሉን ሜዳው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቤቱ ራሱ ይጠራዋል። እሷም ታውቀዋለች፣ ግን ከአፏ ከወጣ እውነት ሊሆን ነው። የአያልነህ ወንድሞች ቃሬዛውን ሊያነሱ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ያ ገር ሰው በጎዶሎ ሙሾ፣ ነውር ተሸክሞ ሊሸኝ ነው! አንጓች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «እባካችሁ ሙሉልኝ» አለች።

ማን ደፍሮ! ያኔ ብርቄ ከሴቶቹ ኋላ መጥታ እጇን ያዘቻት።

«አይዞሽ እትዬ አንጓች፣ እኔ እልልሻለሁ» አለቻትና ቀስ ብላ «ሞቶ» አለች።

ሕዝቡም «ሞቶ» ብሎ ተቀበላት። አንጓች ብርቄ ትከሻ ላይ ተደፍታ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ግጥም አለቀሰች ይባላል። ቃሬዛውም ተነሳ።

አይ ጊዜ! ዛሬ ሙሾ የሚያውቁት እናቶች እያለቁ ነው፤ ለቅሶውም በድምፅ ማጉያ ሆኗል። ቢሆንም በሙሉልኝ ሜዳ አንዲት ሴት ተነስታ ሙሾ ስታወርድ ሰዉ ሬሳውን አያይም፤ የሚያየው የእሷን ከንፈር ነው። ዝም ስትል እንዳይዘገይባት።